የካቲት 12ን በአዳራሽ እስከ መቼ?

ከካልጋሪ፣ ካናዳ

በየዓመቱ የካቲት 12 ሲቃረብ እኛ በካልጋሪ የምንኖር ኢትዮጵያውያን አዳራሽ እንከራያለን፤ በራሪ ወረቀት እንበትናለን፤ ሻማ እናበራለን። የኅሊና ጸሎት ይደረጋል፤ አንድ ሁለት ንግግር ይሰማል። ከዚያ ጥያቄና መልስ ሲከፈት የመጀመሪያው ጠያቂ በግራዚያኒ ጀምሮ በሦስተኛው ዓረፍተ ነገር ዛሬ ሥልጣን ላይ ያለው መንግሥት ላይ ይደርሳል። ሁለተኛው ተናጋሪ ለመጀመሪያው መልስ ይሰጣል። ሦስተኛው ሁለቱንም ይወቅሳል። እንዲህ እያልን እኩለ ሌሊት ይሆናል። ልጆቻችን ከኋላው ረድፍ ተቀምጠው ስልካቸውን ይነካካሉ፤ ቀና የሚሉት ምግብ ሲቀርብ ብቻ ነው።

ይህን የምንለው አዘጋጆቹን ለመውቀስ አይደለም። ከዜሮ በታች ሠላሳ ዲግሪ በሆነ ብርድ፣ ከሥራ ወጥቶ ሳያርፍ ወንበር የሚደረድር ወገን ምስጋና እንጂ ወቀሳ አይገባውም። ጥያቄያችን ሌላ ነው። ልጆቹ ከአዳራሹ ሲወጡ ይዘውት የሚሄዱት ምንድን ነው? «ሠላሳ ሺህ ሰው አለቀ» የሚል አንድ ቁጥር ነው። ቁጥር ደግሞ ፊት የለውም፤ ሰፈርም የለውም። በነጋታው ትምህርት ቤት ሲገቡ ከሌሎች ቁጥሮች ጋር ይቀላቀላል።

የካቲት 12 የሆነው በአዳራሽ ውስጥ አይደለም። በመንገድ ላይ ነው። መንገዱም ዛሬ አለ። ከስድስት ኪሎ ተነሥቶ በአራት ኪሎ አድርጎ አራዳ ጊዮርጊስ እስኪደርስ ከአራት ከአምስት ኪሎ ሜትር አይበልጥም፤ ሽማግሌም ልጅም ቀስ ብሎ በግማሽ ቀን ይጨርሰዋል። በዚህ መንገድ ላይ አስጎብኚ እየመራ፣ በየማዕዘኑ እየቆመ፣ «እዚህ ይህ ሆነ፤ እዚህ እገሌ ወደቀ» እያለ የሚናገርበት፣ በደንብ የተጠናና ተጽፎ የተቀመጠ የእግር ጉብኝት እንዲኖር እንፈልጋለን። ጎብኚ የሚመሩ ባለሙያዎች በየሐውልቱ ደጃፍ እንደሚያቆሙ እናውቃለን። ሐውልት ማሳየትና መንገዱን ማስነበብ ግን አንድ አይደሉም።

ይህን ሐሳብ ከየት አመጣችሁት ለሚለን መልሱ ከደጃፋችን ነው። በካልጋሪ መሐል የቦው ወንዝን ተከትሎ የሚሄድ ሜሞሪያል ድራይቭ የሚባል ጎዳና አለ። ብዙዎቻችን ወደ ሥራ ስንሄድ እንነዳበታለን። ስሙን ያገኘው በአንደኛው የዓለም ጦርነት ለወደቁት የከተማዋ ልጆች መታሰቢያ ይሆኑ ዘንድ ከ1922 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከተተከሉት ዛፎች ነው። ከ2009 እ.ኤ.አ. ወዲህ ደግሞ በየዓመቱ በፈረንጆቹ ኖቬምበር የመጀመሪያዎቹ አሥራ አንድ ቀናት በዚያው ጎዳና ዳር ባለው መስክ ላይ ከ3,400 በላይ ነጫጭ መስቀሎች ይተከላሉ። በእያንዳንዱ ላይ የሟቹ ስም፣ ዕድሜ፣ ማዕረግና የሞተበት ቀን ተጽፏል። የተማሪ ቤት ልጆች በመስቀሎቹ መካከል እየተራመዱ ስም ያነባሉ። ከመካከላችን የአንዱ ልጅ እዚያ ውሎ ሲመለስ ስለ ጦርነቱ ምንም አላወራም። «አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር» ብቻ ነው ያለው፤ ስሙን ስላነበበው ሰው። በፈረንጆቹ ጁላይ ማብቂያ ላይ በሚውለው የካልጋሪ የታሪክ ሳምንትም ሰዎች የአሮጌ ሰፈሮችን ታሪክ በእግራቸው እየዞሩ ይሰማሉ።

ልብ በሉ፤ ካልጋሪ በሁለቱም የዓለም ጦርነቶች ጠላት የረገጣት ከተማ አይደለችም። ልጆቿ የሞቱት ባሕር ማዶ ነው። ጦርነት ያልደረሰባት ከተማ ለሙታኗ ይህን ያህል መንገድ ከሰጠች፣ ጦርነት በየጓዳዋ የገባባት አዲስ አበባስ?

እንግዲህ ከስድስት ኪሎ እንነሣ። ሰማዕታት ሐውልቱን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ቢያንስ በታክሲ ዞረነዋል። ከፍታው 28 ሜትር ነው። የቀረጹት የዩጎዝላቪያ ሰዎች አንቱን አውጉስቲንቺችና ፍራኖ ክርሺኒች ናቸው። ከታች ዙሪያውን ያለው ቅርጽ ሲገድሉና ሲገደሉ፣ ሬሳ ሲለቀምና ሲለቀስ እያሳየ የሚተርክ ነው፤ ወርዶ እየዞረ የሚያነበው ሰው ግን ጥቂት ነው። ከመካከላችን አንድ ወላጅ በቅርቡ በአንድ ክረምት ልጆቹን ይዞ አገር ቤት ገብቶ ነበር። መናፈሻ አዩ፣ የአንድነት ፓርክ ገቡ፣ ትልልቅ ሕንፃ ላይ ወጡ። በስድስት ኪሎ ሲያልፉ ልጅቷ ጣቷን ወደ መስኮቱ ቀሥራ «ያ ምንድን ነው?» ስትል ሾፌሩ «ሐውልት ነው» ብሎ መሪውን አዞረ። ሾፌሩ አልዋሸም።

ከሐውልቱ ጥቂት ርምጃ እልፍ ሲባል የዛሬው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ግቢ፣ የያኔው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ይገኛል። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም.፣ ዓርብ ዕለት፣ ግራዚያኒ የኔፕልስን ልዑል መወለድ ምክንያት አድርጎ ለነዳያን ምጽዋት እሰጣለሁ ብሎ ሦስት ሺህ ያህል ድኻ እዚህ ግቢ ሰበሰበ። ኤርትራውያኑ አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም ቦምብ ወረወሩ። አብርሃ የጣልያኖቹ የፖለቲካ ቢሮ ሠራተኛ ነበር፤ ጠላት እንጀራ ሰጥቼዋለሁ ያለው ሰው መሆኑ ነው። ግራዚያኒ በፍንጣሪ ቆሰለ እንጂ አልሞተም። የግቢው በር ተዘግቶ ምጽዋት ሊቀበል በመጣው ሕዝብ ላይ መትረየስ ተከፈተ። ቀጥሎ ጥቁር ሸሚዝ ለባሹ ሁሉ ከተማዋ ላይ ተለቀቀ፤ ሦስት ቀን ሙሉ በጥይት፣ በዱላ፣ በእሳት። የጎጆው ጣራ ሣር ነበርና ቤንዚን ተርከፍክፎበት ሰው ከነልጆቹ ተቃጠለ። የኢትዮጵያ መንግሥት የሟቹን ቁጥር 30,000 ይለዋል፤ ታሪኩን ለዓመታት ያጠናው ኢያን ካምቤል 19,000 ያህል ብሎ ይገምታል። በቁጥሩ ላይ እርስ በርስ የሚሰዳደቡ ወገኖች አሉን፤ እኛ አስጎብኚው ሁለቱንም ይንገር፣ ከየት እንደመጡም ያስረዳ እንላለን።

እዚህ ላይ አስጎብኚው ቆም ብሎ ሊጠራው የሚገባ ሌላ ስም አለ፤ ስምዖን አደፍርስ። ታክሲ ነጂ ነበር። ከአብርሃና ከሞገስ ጋር የመከረ፣ በመኪናውም ያጓጓዛቸው እሱ ነው። ተይዞ ተሠቃይቶ ሞተ። ሁለቱ ወደ ደብረ ሊባኖስ፣ ከዚያም ወደ አርበኞቹ ተሻግረው በመጨረሻ ወደ ሱዳን ሲያመሩ ተገደሉ፤ ስማቸው ግን በየመዝሙሩ ቀረ። የታክሲ ነጂው ስም የቀረው በጥቂት መጻሕፍት ነው። ካልጋሪ ውስጥ ስንት ወገናችን ታክሲ ነድቶ ልጅ እንዳሳደገ ስናስብ የስምዖንን ታሪክ ለልጆቻችን ባለመንገራችን እንገረማለን።

ከዚያው ግቢ ሳንወጣ፣ በአሮጌው ቤተ መንግሥት ሕንፃ ፊት ለፊት የሲሚንቶ ደረጃ ቆሟል። ወደ የትም አይወስድም። ጣልያኖቹ የሠሩት ነው፤ እያንዳንዱ እርከን ሙሶሊኒ ሥልጣን ከያዘበት ከ1922 እ.ኤ.አ. ወዲህ ያለውን አንድ አንድ ዓመት ይቆጥራል። ከድል በኋላ በላይኛው እርከን ላይ ትንሽ አንበሳ ተቀመጠበት። ደረጃውን ማፍረስ ይቻል ነበር። አላፈረሱትም፤ አንበሳ አስቀመጡበት። የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሆነን በዚያ ደረጃ ሥር ተቀምጠን ያጠናን ብዙዎች ነን። ምን እንደሆነ የነገረን አልነበረም።

ያው ሕንፃ ሌላም ነገር አይቷል። ጣልያን አምስት ዓመት ሙሉ በሸዋ ሲያሳድዳቸው ኖሮ ሊይዛቸው ያልቻላቸው ራስ አበበ አረጋይ፣ በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. መፈንቅለ መንግሥት በዚሁ በገነተ ልዑል አረንጓዴ አዳራሽ ውስጥ ኢትዮጵያዊ በተኮሰው ጥይት ወደቁ። ይህን የሚዘልል ጉብኝት እኛ አንፈልግም። በላይ ዘለቀም አለ። ጎጃምን ለጠላት እሳት ያደረገባት ሰው፣ ነፃነት ከተመለሰ አራት ዓመት ሳይሞላ፣ በ1937 ዓ.ም. በገዛ አገሩ መንግሥት አዲስ አበባ ላይ ተሰቀለ። ዛሬ በስሙ ጎዳና አለ። ጎዳናው ላይ የቆመ ልጅ «ጣልያን ነው የገደለው?» ብሎ ቢጠይቅ አስጎብኚው ምን ይመልሳል? እውነቱን መመለስ የሚችልበትን ጽሑፍ አስቀድሞ እጁ ላይ ማስያዝ ያስፈልጋል፤ አለዚያ ሁሉም እንደየፓርቲው ይመልሳል።

የስድስት ኪሎን አካባቢ ሳንለቅ የእቴጌ መነን ትምህርት ቤት አለ፤ በኋላ ዘመን የካቲት 12 ትምህርት ቤት የተባለው። ከጥቁር አንበሳ አርበኞች ጋር የነበረችው፣ ተማርካም በጣልያን አገር አዚናራ ደሴት የታሰረችው ስንዱ ገብሩ ከድል በኋላ ይህን ትምህርት ቤት መርታለች፤ ቆይታም የመጀመሪያዋ ሴት የፓርላማ አባል ሆናለች። ወደዚያው ደሴት ከተጋዙት አንዷ ሸዋረገድ ገድሌም ነበረች። ሸዋረገድ ስንል የውስጥ አርበኛ የሚባለውን ነገር ማንሣታችን ነው፤ የዚህ ጉብኝት ልብም እዚህ ላይ ነው።

የዱር አርበኛው ታሪክ በፎቶግራፍ ይታያል፤ ጎፈሬ፣ ጠመንጃ፣ የጥይት ዝናር። የውስጥ አርበኛው ታሪክ ግን ፎቶግራፍ የለውም። ፎቶግራፍ ቢኖረው ይሰቀል ነበርና። ጠላት ቢሮ ተቀጥሮ ወረቀት የሚሰርቅ ጸሐፊ፣ የይለፍ ወረቀት አስመስሎ የሚያዘጋጅ፣ መድኃኒትና ጥይት በስንቅ ውስጥ ደብቃ ከከተማ የምታወጣ ሴት፣ መኮንኖች ሲጠጡ የሚያወሩትን ሰምታ ለሊቱን መልእክተኛ የምትልክ ባለጠጅ ቤት፤ የከተማው ተጋድሎ እነዚህ ናቸው። ከእነሱ ውስጥ ብዙ ሴቶች የነበሩበት ምክንያት ቀላል ነው፤ ገበያ የሚወጣና የሚገባ ሰው አይፈተሽም ነበር፤ ቢፈተሽም እንደ ወንድ አይደለም። ሸዋረገድ ሀብቷን ሸጣ መሣሪያና መረጃ ስታቀብል ኖራ ተይዛ ተገረፈች፣ ተጋዘች፤ ተመልሳም ዱር ገባች። እሷ ስሟ ቀርቷል። የሌሎቹ ስም ያለው በልጅ ልጆቻቸው አፍ ብቻ ነው። ከእነዚያ የልጅ ልጆች ውስጥ ደግሞ ዛሬ ስንቱ ካልጋሪ፣ ዋሽንግተን፣ ስቶክሆልም እንዳለ እናንተ ታውቃላችሁ።

ቁልቁል ወደ አራት ኪሎ እንውረድ። የሚያዝያ 27 ሐውልት ይቆያል። ሚያዝያ 27 ሁለት ጊዜ መሆኑን ግን እንበል፤ በ1928 ዓ.ም. ጣልያን አዲስ አበባ የገባበት፣ በ1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ የተመለሱበት ቀን አንድ ነው። ቀኑ የተመረጠው ሆን ተብሎ ነው። ከዚያ ወደ ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ጎራ ብሎ ሲልቪያ ፓንክረስት ያረፈችበትን ማሳየት ይገባል። እንግሊዛዊት ናት። ጣልያን አዲስ አበባ በገባበት በዚያው ቀን የሚቆጠር ጋዜጣ መሥርታ ዓለም ሊሰማ ያልፈለገውን በየሳምንቱ ታትም ነበር። የየካቲቱን እልቂት በዓይኑ ያየው የሃንጋሪ ሐኪም ላዲስላስ ሳቫ ምስክርነቱን ያወጣው በእሷ ጋዜጣ ነው። ከእኛ ሰዎች ደግሞ የ«ጉለሌው ሰካራም» ደራሲ ተመስገን ገብሬ «ሕይወቴ» በተባለው መጽሐፉ ጽፎልናል። አስጎብኚ ለመሆን የሚፈልግ ወጣት ሁለቱን ሳያነብ አንድ ርምጃ አይራመድ።

በመጨረሻ አራዳ። በሐምሌ 1928 ዓ.ም. የካሣ ልጆች አበራና አስፋ ወሰን፣ ደጃዝማች ፍቅረ ማርያምና ሌሎችም አዲስ አበባን ከየአቅጣጫው ለመምታት ተነሡ። ክረምት ነበር፤ ወንዞች ሞልተዋል፤ አንዱ ጦር ከሌላው ጋር የሚገናኝበት ሬዲዮ የለም። አንዱ ሲደርስ ሌላው ዘገየ፤ ጥቃቱም ሳይሳካ ቀረ። በዚህ ሳቢያ የተያዙት አቡነ ጴጥሮስ ለጠላት ሕዝቡም ምድሪቱም እንዳትገዛ ገዝተው ሐምሌ 22 ቀን በጥይት ተደበደቡ። ጸጋዬ ገብረ መድኅን «ጴጥሮስ ያችን ሰዓት»ን የጻፈው በእሳቸው ነው። ሐውልታቸው በሚያዝያ 2005 ዓ.ም. ለባቡር ሥራ ተነሥቶ ሙዚየም ቆይቶ በ2008 ዓ.ም. ተመልሷል። ያን ጊዜ «አይመለስም» ብለን በየገጹ የጮህን ብዙዎች ነበርን። ተመለሰ፤ መመለሱም ጥሩ ነው፤ ጩኸቱም ያገዘ ይመስለናል።

ከሐውልቱ እልፍ ብሎ ቅዱስ ጊዮርጊስ ነው፤ ፋሽስቶች ያቃጠሉት ቤተ ክርስቲያን። ፊት ለፊቱ ያለውን የምኒልክን ሐውልት ጣልያን ገና እንደ ገባ ነቅሎ ደብቆት ነበር፤ ከድል በኋላ ወደ ቦታው ተመለሰ። አጠገቡ ደግሞ በየካቲት 2016 ዓ.ም. የተመረቀው ግዙፉ የዓድዋ ድል መታሰቢያ አለ። በዓድዋ የሚከፋው ኢትዮጵያዊ የለም፤ እኛም አልከፋንም። ነገር ግን ዓድዋ የአንድ ቀን ድል ነው፤ ከተማዋ ራሷ ያሳለፈችው አምስት ዓመት ነው። ለአንዱ ቀን ያን ያህል ሕንፃ ሲቆም ለአምስቱ ዓመት በየግድግዳው አንዲት ትንሽ ሰሌዳ አለመታሰቡ ነገር አለው። ድል ለመንግሥት ይመቻል። የጓዳ ተጋድሎ ግን ለማንም መንግሥት አይመችም፤ ተራው ሰው መንግሥት ሳይኖር፣ ንጉሥ ሳይኖር፣ አዛዥ ሳይኖር ምን ማድረግ እንደሚችል ያስተምራልና።

ይህ ሁሉ ለምን አሁን? ቦታው እያለቀ ስለሆነ ነው። በ2016 ዓ.ም. በኮሪደር ልማት ስም ፒያሳና አራት ኪሎ አካባቢ በግሬደር ሲታረስ አይተናል። ዶሮ ማነቂያ የለም። ቀጥሎ ካዛንቺስ ፈረሰ። የፈረሰው ሁሉ ቅርስ ነበር አንልም፤ ዝናብ በሚያፈስ የቀበሌ ቤት ውስጥ ለአሥር ቤተሰብ አንድ ሽንት ቤት እየተጠቀመ የኖረውን ሰው «ቅርስ ነህና ተቀመጥ» ማለት ለኛ ካናዳ ላለነው ይቀልለናል። ነገር ግን ካዛንቺስ የሚለው ቃል ራሱ ጣልያን ለመንግሥት ሠራተኞቹ ቤት ከሠራው ድርጅት አጠራር የቀረ ነው። ፖፖላሬም ከዚያው ነው። መርካቶን መርካቶ ያደረገው ጣልያን ነው፤ አራዳ የነበረውን ገበያ ነጭ ከጥቁር እንዲለይ ብሎ ወደ ምዕራብ ገፍቶት። የዘር መለያየት አዋጅ በአፋችን ላይ የሰፈር ስም ሆኖ ቀርቷል። ይህንን በቦታው ቆሞ ማስረዳት የሚቻለው ቦታው እስካለ፣ ወይም ቢያንስ «እዚህ ነበር» የሚል ሰው እስካለ ነው። ነዋሪው ደግሞ ወደ ከተማ ዳር ኮንዶሚኒየም ተበትኗል። ጎረቤት ከጎረቤት ሲለያይ «የእገሊት ጠጅ ቤት እዚህ ጋ ነበር፤ አርበኞቹ በጓሮ ነበር የሚገቡት» የሚለው ወሬ አብሮ ይበተናል።

«የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም» እንላለን። በኛ ጉዳይ ተረቱ ተገልብጧል ብለን እንፈራለን። ሮምን እንመልከት። በማርች 1944 እ.ኤ.አ. የሮም አርበኞች ቪያ ራሴላ በምትባል ጠባብ መንገድ ላይ ቦምብ አፈንድተው 33 የጀርመን ፖሊሶች ገደሉ። ጀርመኖች በበቀል 335 ሰው ዋሻ ውስጥ ረሸኑ። ቦምብ፣ ከዚያ በንጹሐን ላይ በቀል፤ ልክ እንደ የካቲት 12 ነው፤ ቁጥሩ ብቻ ይለያያል። ጣልያን ያንን ዋሻ መቃብርና መታሰቢያ አድርጋዋለች፤ የአብዛኞቹ ሟቾች ስም ተለይቶ ይታወቃል፤ በየዓመቱ የአገሪቱ ፕሬዚዳንት አበባ ያኖራል። ግራዚያኒ ግን በኢትዮጵያ ስለ ሠራው አንድም ቀን ፍርድ ቤት አልቆመም። በ1950 እ.ኤ.አ. 19 ዓመት የተፈረደበት ከጀርመን ጋር በመተባበሩ ነው፤ በወራት ውስጥም ተለቀቀ። በነሐሴ 2004 ዓ.ም. ደግሞ አፊሌ በምትባል ከተማ መታሰቢያ ተሠራለት። እዚህ ላይ ስደተኛው ኢትዮጵያዊ ዝም አላለም፤ በየአገሩ ሰልፍ ወጥቷል፤ ይህ ሊመሰገን ይገባል። የሚያሳፍረው በመጋቢት 2005 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ይህንኑ ሊቃወም የወጣውን ወገን የገዛ አገሩ ፖሊስ ሰብስቦ ማሰሩ ነው።

ዛሬ በጣልያን ከተሞች በቅኝ ግዛት ጦርነቶች ስም የተሰየሙ ጎዳናዎችን በእግር እየዞሩ «ይህ ስም የመጣው ከዚህ ግፍ ነው» እያሉ የሚያስረዱ ጣልያናውያን አሉ። ሮም ውስጥ አምባ አራዶም የተባለውን ጦርነት ስም ሊይዝ የነበረውን የባቡር ጣቢያ ሶማሊያ ለተወለደው ጸረ ፋሽስት አርበኛ ለጆርጆ ማሪንኮላ እንዲሰየም የከተማው ምክር ቤት በ2020 እ.ኤ.አ. ወስኗል። የወጉት ልጆች በእግራቸው እየሄዱ እያስታወሱ ነው። የተወጉት ልጆች አዳራሽ ውስጥ ስልክ ይነካካሉ።

ለካልጋሪ ልጆቻችን ደግሞ ከዚሁ ጋር የሚነገር አንድ ምዕራፍ አለ። በኖቬምበር 1935 እ.ኤ.አ. ጣልያን ኢትዮጵያን ከወረረች ከወር በኋላ፣ በዓለም መንግሥታት ማኅበር የካናዳው ተወካይ ዋልተር ሪዴል በጣልያን ላይ የሚጣለው ማዕቀብ ነዳጅ ዘይትን፣ ከሰልን፣ ብረትን ይጨምር ብሎ ሐሳብ አቀረበ። በወሩ የኦታዋ መንግሥት «ይህ የግለሰቡ ሐሳብ እንጂ የኛ አይደለም» ብሎ በአደባባይ ካደው። የነዳጅ ማዕቀቡ ቀረ። ሙሶሊኒ ራሱ በኋላ ነዳጁ ቢዘጋ ኖሮ በሳምንት ውስጥ ለቅቄ በወጣሁ ነበር ብሎ ለሂትለር እንደነገረው አስተርጓሚው ጽፏል። በነዳጅ በምትኖር ከተማ ለሚያድግ ኢትዮጵያዊ ልጅ ከዚህ የበለጠ የታሪክ ትምህርት የት ይገኛል?

«አገር ቤት ሰው እየሞተ እናንተ ስለ እግር ጉብኝት ታወራላችሁ» የሚለን እንደሚኖር እናውቃለን። ከኛም ውስጥ ይህን ያለ አለ። ትግራይ ላይ ያለቀውን፣ ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮም አማራ ክልል ውስጥ የወደቀውን ሰው ስናስብ ጥያቄው ከባድ ነው፤ በቀላል ቃል አናልፈውም። የምንለው ይህን ነው፤ የዛሬዎቹ ሙታን ነገ ቁጥር ብቻ ሆነው እንዳይቀሩ የምንፈልግ ከሆነ፣ ስምና ቦታ መዝግቦ መያዝን በትናንቶቹ ላይ መለማመድ ይኖርብናል። የ1929ኙን ሟች ስም ለመሰብሰብ ሰማንያ ዓመት ያለፈው ሕዝብ የዛሬውን በምን ልምድ ይሰበስባል?

«መንግሥት ይቀማችኋል» የሚለው ሥጋት ግን ትክክል ነው። ስለዚህም ሐውልት እንሥራ፣ ቢሮ እንክፈት አንልም። የሚያስፈልገው ጽሑፍ ነው፤ በየፌርማታው ሁለት ሦስት ገጽ። ድምፅም ነው፤ ልጆቻችን በስልካቸው ጆሮ ላይ አድርገው እየሄዱ የሚሰሙት፣ በአማርኛም በእንግሊዝኛም። ትግርኛና ኦሮምኛም ቢጨመር ደስ ይለናል፤ የካቲት 12 የአንድ ወገን ሬሳ አልነበረምና። ጽሑፍ በእጅ ያለው ሰው አስጎብኚ ባይኖር እንኳ ብቻውን መሄድ ይችላል። ቦታው ቢፈርስም ጽሑፉ «እዚህ ነበር» ይላል። ወደ አገር መግባት የማይችሉ ወገኖቻችንም መንገዱን ከዚህ ሆነው ሊሄዱት ይችላሉ።

ለመጪው የካቲት 12 አዳራሹን እንከራያለን፤ ያ አይቀርም። ነገር ግን ንግግሩን ወደ ግማሽ ሰዓት አሳጥረን ቀሪውን ጊዜ ለሽማግሎቻችን እንስጥ። ግድግዳው ላይ የአሮጌዋን አዲስ አበባ ካርታ እንስቀል። ልጆቹ ስልካቸውን አያስቀምጡ፤ ይቅረጹበት። ጥያቄዎቹ ቀላል ናቸው። አያትዎ በዚያ ዓርብ የት ነበሩ? ቤቱ የት ሰፈር ነበር፤ ከየትኛው ቤተ ክርስቲያን በላይ፣ ከየትኛው ወንዝ በታች? ማን ሸሸጋቸው? የሸሸገቻቸው ሴት ስሟ ማን ነበር? ስሟን ካላስታወሱ የማን እናት ትባል ነበር? በሌላ ከተማ ያላችሁም እንዲሁ ብታደርጉ የሰበሰብነውን እንለዋወጥ። እኛ ከስድስት ኪሎ ጀምረናል፤ ከራስ መኰንን ድልድይ ወዲህና ወዲያ ያለውን ሰፈር የሚያውቅ ሰው ግን እስካሁን አላገኘንም።